ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤል

በቀድሞው የቤተ መንግሥታችን ሥርዓት ከነበሩት ሹመቶች ሁሉ እንደ ሊቀ መኳስነት የሚያስደንቅ ሹመት ያለ አይመስለኝም። ሌላው ሹም ሲሾም ጉልት፣ ነጋሪት ወይም የፍርድ ወንበር ይሰጠዋል፤ ለሊቀ መኳሱ ግን የንጉሡ ልብስ ይሰጠው ነበር። ይህም ለክብር ብቻ አልነበረም። በጦርነት ቀን ንጉሡን የመሰለ ልብስ ለብሶ፣ የንጉሡን ፈረስ በመሰለ ፈረስ ተቀምጦ፣ ከንጉሡ ጎን ይሰለፋል፤ ጠላትም ከመካከላቸው ንጉሡ የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ይቸገራል። ብዙ ጊዜ ሁለት ሊቃነ መኳስ ይሾሙ ስለ ነበረ፣ ጦር የሚወረውረው ወይም ነፍጥ የሚያነጣጥረው ሰው ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት። እንግዲህ ነገሩን ሳናሽሞነሙን ብንናገር፣ ሹመቱ በሌላ ሰው ፈንታ ለመሞት መዘጋጀት ማለት ነበር።

የኳስ ጨዋታ ወሬ የሚከታተሉ ተማሪዎች ይህን ዓይነቱን ሥራ በቶሎ ይረዱታል። በአሜሪካ አገር ስሙ እግር ኳስ የተባለ፣ ነገር ግን አብዛኛውን በእጅ የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። በዚያ ጨዋታ ከእያንዳንዱ ክለብ አሥራ አንድ ሰዎች ይሰለፋሉ፤ አጥቂዎቹ ሲወጡ ተከላካዮቹ ይገባሉ እንጂ፣ እንደኛ ኳስ አንዱ ሰው ሁለቱንም ሥራ አይሠራም። የተከላካዩ ሙያ የመጣበትን ሰው በገላው ማስቆም ነው። ብዙዎቹም ደመወዝተኞች ስለ ሆኑ ውላቸው ሲያልቅ ከአንዱ ከተማ ክለብ ወደ ሌላው ከተማ ክለብ ይሄዳሉ፤ አምና ሲጥሉት የነበረውን ሰው ዘንድሮ ይጠብቁታል። በማግሥቱ በጋዜጣ ስሙ በትልቁ የሚጻፈው ግን ነጥብ ያስገኘው አጥቂ ነው። ከጎንደር ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው፣ ማለት ሙያው መከላከል የሆነ፣ ጌታም የለወጠ፣ ስሙም ከሌላ ሰው ስም በታች የሚጻፍ ሰው ቢፈለግ፣ የምናገኘው እንግሊዛዊውን ጆን ቤልን ነው። ያገራችን ጸሐፊዎች ዮሐንስ ይሉታል።

ቤል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1832 ዓ.ም. ገደማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በእኛ አቈጣጠር ናቸው።) ያመጣውም በዚያን ዘመን ብዙዎቹን አውሮፓውያን ያመጣቸው ነገር፣ ማለት ያልታየ አገር የማየት ፍላጎት ነው። ሁለት ዓመት ያህል ተዘዋውሮ ከተመለሰ በኋላ የጉዞውን ማስታወሻ በግብፅ አገር አሳተመ። ሌላ ተጓዥ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ይፈጸም ነበር፤ ወደ ለንደን ተመልሶ፣ ንግግር አድርጎ፣ ተጨብጭቦለት፣ በሽምግልናው ዘመን ለልጅ ልጆቹ ስለ ሐበሻ አገር እያወራ ይሞት ነበር። ቤል ግን ለመመለስ ተነሣ።

በ1835 ዓ.ም. በስዌዝ ሳለ ዋልተር ፕላውደን ከሚባል ወጣት የአገሩ ሰው ጋር ተገናኘ። ፕላውደን በህንድ አገር በካልከታ ከተማ በአንድ የንግድ ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ የጽሕፈት ቤት ኑሮ አልስማማው ብሎ፣ ሥራውን ትቶ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ነበር። ዕድሜው ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆን ነው። ቤልም የነጭ ዓባይን ምንጭ ለመፈለግ ወደ ኢትዮጵያ እንደሚሄድ በነገረው ጊዜ፣ መንገዱን ለውጦ ተከተለው። የነጭ ዓባይ ምንጭ በኢትዮጵያ ውስጥ አለመሆኑን ዛሬ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ያውቀዋል፤ እነዚህ ሁለት ወጣቶች ግን በዚህ ስሕተት ምክንያት መጥተው ሁለቱም አጥንታቸው በሰሜን አገር ቀርቷል።

የመጡበት ዘመን ዘመነ መሳፍንት ነው። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. አፄ ኢዮአስን ካስገደሉ ወዲህ የጎንደር ዙፋን የመሳፍንት መጫወቻ ሆኖ ነበር። ቤልና ፕላውደን በመጡበት ጊዜ አፄ ሣህለ ድንግልና አፄ ዮሐንስ ሣልሳዊ እየተፈራረቁ ይነግሡ ነበር፤ ንግሥናቸው ግን ከፋሲል ግንብ አጥር የሚያልፍ አልነበረም። እውነተኛው ሥልጣን የነበረው በደብረ ታቦር በተቀመጡት በየጁው ራስ ዓሊ እጅ ነው። ራስ ዓሊ በ1823 ዓ.ም. ገደማ ሲሾሙ ገና ልጅ ስለ ነበሩ ነገሩን ሁሉ የሚመሩት እናታቸው ወይዘሮ መነን ነበሩ። እኒህም ብርቱ ሴት አፄ ዮሐንስን አግብተው እቴጌ ተባሉ፤ ጎንደርንና ደምቢያንም ይገዙ ነበር። በሰሜንና በትግሬ ደጃዝማች ውቤ፣ በጎጃም ደጃዝማች ጎሹና ልጃቸው ብሩ ጎሹ፣ እያንዳንዱ በየግዛቱ እንደ ንጉሥ ነበር። ክረምት ሲወጣ ዘመቻ፣ ክረምት ሲገባ ዕርቅ፤ በዚህ መካከል የሚዘረፈው የገበሬው ጎተራ ነው።

እንዲህ ባለ አገር አንድ ነፍጥ ተኳሽ ፈረንጅ ሥራ አያጣም። ከቤል በፊትም የታወቁ ነበሩ። ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ ከራስ ወልደ ሥላሴ ቤት አድሮ ነበር፤ ዊልያም ኮፊን የሚባለውም የደጃዝማች ሰባጋዲስ ሰው ሆነ። ቤል በኢትዮጵያ በነበረበት ዘመንም የዕፀዋት ሊቁ ጀርመናዊው ሺምፐርና ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር በደጃዝማች ውቤ ቤት ነበሩ። ቤል ደግሞ ከራስ ዓሊ ቤት አደረ። ማደር የሚለውን ቃል የዛሬ ወጣቶች ቀላል አድርገን እንሰማው ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ግን የጌታን እንጀራ መብላት፣ ከድንኳኑ አጠገብ መተኛት፣ ነጋሪት ሲመታ ያለ ጥያቄ መነሣት፣ ጌታ ሲሸነፍም አብሮ መሸነፍ ማለት ነበር። በወር መጨረሻ በፊርማ የሚወሰድ ደመወዝ አልነበረም፤ ያለው መደሪያና ቀለብ፣ ሲቀናም የጌታ ሽልማት ነው።

ሁለቱ ጓደኛሞች እስከ 1839 ዓ.ም. ድረስ በራስ ዓሊ አገር አብረው ከቆዩ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። ፕላውደን የራስ ዓሊን መልእክትና ስጦታ ይዞ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ፤ በቀይ ባሕርም መርከቡ ተሰበረችበት። እንደ ምንም ለንደን ደርሶ የኢትዮጵያ ንግድ ለእንግሊዝ እንደሚጠቅም ለሹማምንቱ ቢያስረዳ፣ በ1840 ዓ.ም. ቆንሲል አድርገው ወደ ምጽዋ መለሱት። ጥቅምት 24 ቀን 1842 ዓ.ም. ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ራስ ዓሊ ውሉን የተቀበሉት ጉዳት አይኖረውም በማለት እንጂ ይጠቅመኛል ብለው እንዳልነበረ ፕላውደን ራሱ ገብቶት ነበር፤ የጎንደር ገበያ ስንት የእንግሊዝ ነጋዴ ያስተናግዳል ብለው ቢጠይቁ ኖሮ መልስ አያገኙም ነበር።

ቤል ግን ቆንሲል አልሆነም፤ ከለንደን መንግሥት ደመወዝ የሚቈረጥለትም ሰው አልነበረም። ያገሩን ልብስ ጥሎ ሸማ ለበሰ፣ ጥሬ ሥጋ በላ፣ አማርኛ ተናገረ፣ ኢትዮጵያዊት ሚስት አገባ፣ ልጆችም ወለደ። ፕላውደን ስለ ኢትዮጵያ ለመንግሥቱ ይጽፋል፤ ቤል ደግሞ በኢትዮጵያ ይኖራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። የፕላውደን ጽሑፍ ከሞተ በኋላ በወንድሙ አማካይነት በመጽሐፍ ታትሞ ስለ ቀረ፣ ታሪክ ጸሐፊ ሁሉ ስለ ፕላውደን ብዙ ያወራል፤ ስለ ቤል የሚነገረው ግን አብዛኛው በሌሎች ሰዎች ብዕር በኩል የተገኘ ነው።

በዚህ መካከል በቋራ በረሓ ካሣ ኃይሉ የሚባል ሰው ተነሣ። ካሣ ሸፍቶ ስመ ጥር ሆነ። ራስ ዓሊና እናታቸው በዘመድነት ሊያስሩት አስበው የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት፤ ይሁን እንጂ በ1839 ዓ.ም. ጎንደርን ያዘ፣ እቴጌ መነንንም ወግቶ ማረካቸው። ከዚያም በኋላ ታረቀ፣ እንደ ገና ሸፈተ። ኅዳር 19 ቀን 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን ድል አደረገ፤ ደጃዝማችም በዚያው ሞቱ። በሚያዝያ ወር ደግሞ በታቁሳ በኩል የተላከበትን ጦር ሰበረ። አሁን የቀሩት ራስ ዓሊ ራሳቸው ናቸው።

አማቾቹ ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም. በጎጃም በአይሻል ሜዳ ተጋጠሙ። የራስ ዓሊ ኃይል በፈረሰኛው ነበረ፤ የየጁን ፈረሰኛ ሜዳ ላይ የሚቋቋም ጦር የለም ይባል ነበር። ቤልም በዚያ ቀን የቆመው ከራስ ዓሊ ወገን ነው። ውጊያው እጅግ ከባድ ነበር፤ በመጨረሻ ግን የካሣ ጦር አሸነፈ፣ ራስ ዓሊም ሸሽተው ወደ የጁ አመለጡ። ዘመነ መሳፍንትም በዚያ ሜዳ ላይ ወገቡ ተሰበረ።

ቤል ከጥቂት ሰዎች ጋር ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ተማጠነ። በአገራችን ልማድ ደብር የተጠጋ ሰው አይነካም፤ ነገር ግን ልማዱን ያፈረሱ ድል አድራጊዎች ብዙ ናቸውና ነፍሱ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ተንጠልጥላ ነበር። ካሣ ግን በሽሽቱ ሰዓት የቆመለትን ጠላት ማድነቅ የሚያውቅ ሰው ነበር። ምሕረት አድርጎለት፣ በክብር አስጠርቶ፣ ከእኔ ጋር ሁን አለው። ቤልም እሺ አለ። ከዚያች ቀን እስከ ዕለተ ሞቱ ሰባት ዓመት ያህል ከጎኑ አልተለየም።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ፣ ታዲያ ይህ ሰው ጌታውን ከዳ አይደለም ወይ ሊል ይችላል። እኔ ግን አልከዳም እላለሁ። ከጌታ ፊት ቆሞ እስከ መጨረሻው መዋጋትና ከሽንፈት በኋላ ሌላ ጌታ ማደር አንድ ነገር ነው፤ የጌታ ዕድል መጥፎ መስሎ ሲታይ ከጦርነቱ በፊት በሌሊት ወደ ጠላት ሠፈር መሻገር ግን ሌላ ነገር ነው። በዘመነ መሳፍንት ሁለተኛውን ያደረጉ መኳንንት ስማቸው በዝርዝር ቢጻፍ ይህ ገጽ አይበቃም። እኛም ወጣት ሠራተኞች ሃምሳ ብር ጭማሪ ስናይ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት የምንዘዋወረው ሰዎች፣ በዚህ ነገር ላይ ፈራጅ ሆነን ለመቀመጥ ብዙም ባንቸኩል ደግ ነው። ሠዓሊው ዛንደርም ቢሆን ደጃዝማች ውቤ ሲወድቁ የአሸናፊው ሰው ሆኗል።

ካሣ የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረገ፤ በሁለተኛውም ቀን ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አዘጋጅተውታል በሚባለው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ አፄ ቴዎድሮስ ተባለ። ቤልም ሊቀ መኳስ ሆነ።

ለምን ቤልን መረጡት? ነጭ መልክ ያለው ሰው የንጉሡን ልብስ ቢለብስ ማንን ያታልላል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። እንደሚመስለኝ አፄ ቴዎድሮስ የፈለጉት የመልክ ተመሳሳይ አልነበረም። በኢትዮጵያ ውስጥ አጎት፣ አማት፣ የወንድም ልጅ፣ ባላባት ዘመድ የሌለው ሰው ማን ነው? ከሊቃነ መኳሱ አንዱ የራሱን ወገን ለማንገሥ የማያስብ፣ ርስት የሚካሰስ፣ ደም የሚመልስ ዘመድ የሌለው፣ ንጉሡ ቢሞቱ በማግሥቱ እርሱም መጠጊያ የሚያጣ ሰው ቢሆን፣ ንጉሡ ተኝተው ማደር ይችላሉ። ወንድም በወንድሙ ላይ በሚነሣበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደግሞ ቤል በአይሻል ምን ዓይነት ወታደር እንደ ሆነ በዓይናቸው አይተውታል።

ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በአንድ ማዕድ እንደሚበላ፣ በድንኳናቸውም አጠገብ እንደሚያድር በዚያ ዘመን የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ማታ ማታም ሼክስፒር የሚባለውን የእንግሊዝ ባለ ቅኔ ቲያትር እያነበበ በአማርኛ ያስረዳቸው ነበር ይባላል። ይህ እውነት ከሆነ፣ ስለ ከዳተኛ መኳንንትና ስለ ተገደሉ ነገሥታት የሚናገረውን ታሪክ ከኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት የበለጠ የሚረዳው ሰው በለንደንም አይገኝም ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ስለ አውሮፓ መንግሥታት፣ ስለ መድፍ፣ ስለ ጥበብ፣ ስለ ቱርክና ስለ ግብፅ የሚጠይቁት ጥያቄ ማብቂያ አልነበረውም፤ ከቤል የሰሙትም ነገር አሳባቸውን ሳያሰፋው አልቀረም። ይሁን እንጂ አንዳንድ የውጭ አገር ጸሐፊዎች የቴዎድሮስን መልካም አሳብ ሁሉ ከቤልና ከፕላውደን የተገኘ አድርገው መናገራቸው ትክክል አይደለም። አገርን አንድ የማድረግ፣ የመሳፍንትን ሥልጣን የመስበር፣ ሠራዊትን በደመወዝ የማሳደር አሳብ የቋራው ሰው ራሱ በሽፍትነት ዘመኑ ከገበሬው መከራ የተማረው ነው። ቤል ንጉሥ አልሠራም፤ ንጉሥ ጠበቀ።

በ1850 ዓ.ም. መጨረሻ እቴጌ ተዋበች አረፉ። አፄ ቴዎድሮስን በፍቅር የሚገሥጹ እርሳቸው ነበሩና ሐዘኑ ከባድ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለ ፍርሃት ቀርበው ሊናገሯቸው ከሚችሉት ጥቂት ሰዎች መካከል ሁለቱ እንግሊዛውያን ነበሩ።

በሰሜን በኩል ግን ነገሩ አልረጋም። የደጃዝማች ውቤ ዘመድ የሆነው አገው ንጉሤ በሰሜንና በትግሬ ተነሥቶ፣ ከፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ከሣልሳዊ ናፖሌዎን ጋር መልእክት ይላላክ ነበር። ከርሱም ጋር የወገነ ጋረድ የሚባል ሰው በጎንደር ዙሪያ መንገድ ይጠብቃል፤ ይህ ጋረድ የአፄ ቴዎድሮስ የሥጋ ዘመድ ነበረ። በ1852 ዓ.ም. ፕላውደን ወደ ሥራ ቦታው ወደ ምጽዋ እንዲመለስ ከለንደን ታዞ፣ ታምሞም ስለ ነበረ፣ ከጎንደር ተነሥቶ ጉዞ ጀመረ። ከከተማው ብዙ ሳይርቅ በቀሃ ወንዝ አጠገብ የጋረድ ሰዎች ደርሰው በጦር ወግተው ማረኩት። የጎንደር ነጋዴዎች ገንዘብ ከፍለው አስለቀቁት፤ ቁስሉ ግን የሚድን አልነበረምና በመጋቢት ወር በጎንደር ሞተ። በስዌዝ የተጀመረው ጓደኝነት ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ በዚህ ተፈጸመ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ በ1853 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት አፄ ቴዎድሮስ ጋረድን ፍለጋ ወደ ሰሜን ወጡ። አገሩን የሚያውቅ ሰው መንገዱን ያስታውሰዋል፤ ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት የወገራን ደጋ አቋርጦ ደባርቅ ይደርሳል። ከጎንደር ደባርቅ በመኪና መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደጋው ሰፊ ሜዳ ነው፤ በጥቅምት ገብሱ ቢጫ መሆን ሲጀምር ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ከደባርቅ ወዲያ ግን መሬቱ በድንገት ይቈረጥና የሊማሊሞ ገደል ይጀምራል። ከምጽዋና ከዓድዋ የሚመጣው ነጋዴ ሁሉ በዚያ ገደል ወጥቶ ነበር ወደ ጎንደር የሚደርሰው፤ ስለዚህ ደባርቅን የያዘ ሰው የጎንደርን ጉሮሮ ያዘ ማለት ነው። ጋረድም ይህን ያውቅ ነበር።

ከሁለቱ ወገን ጦር ፊት ፊት የሚሄዱት ተገናኙ። ስለ ውጊያው የሚነገረው ታሪክ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በብዙዎቹ ዘንድ የጸናው ግን እንዲህ ነው። ጋረድ ንጉሠ ነገሥቱን ለይቶ አውቆ ወደ እርሳቸው ሲመጣ ቤል አየው። ፈረሱን አስፈንጥሮ ከፊታቸው ገባና በጠመንጃው ጋረድን መትቶ ጣለው። የዚያን ጊዜ ጠመንጃ አንድ ጊዜ ከተኰሰ በኋላ ባሩድና አረር በአፈ ሙዙ እስኪሞላበት ድረስ ከዱላ አይሻልም። ቤልም ባዶ ጠመንጃ ይዞ ሳለ የጋረድ ወንድም ደርሶ ወጋው። አፄ ቴዎድሮስም የወንድሙን ገዳይ በገዛ እጃቸው ገደሉት ይባላል። ወንድሙን ማለቴ በስሕተት አይደለም፤ ከዚያ ቀን በኋላ የነበረው ሐዘናቸው የጌታ ለሎሌ ሐዘን አልነበረም።

ሊቀ መኳሱ ሥራውን ሠርቷል። የተሾመበት ነገር በሙሉ የተፈጸመው ምናልባት ከአንድ ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው። በኋላ ዘመን ሊቀ መኳስ አባተ ቧያለው በዓድዋ መድፍ በመተኮስ ስሙን አስጠርቷል፤ የሹመቱን ጥንታዊ ትርጕም እንደ ቤል በሥጋው የፈጸመ ግን ብዙ አይገኝም።

ቀጥሎ የሆነውን ማለፍ አይገባም። አፄ ቴዎድሮስ የጋረድን ሰዎች ይቅር አላሉም። በደባርቅ ከ1,000 የሚበልጡ ምርኮኞች ተገደሉ። ከነዚያ ውስጥ አብዛኞቹ የጌታቸውን እንጀራ በልተው ከጌታቸው ጋር የወጡ ገበሬዎችና ሎሌዎች ነበሩ፤ ማለት ቤል ራሱ በአይሻል ማግሥት የነበረውን ያህል ጥፋት ያላቸው ናቸው። ለእርሱ የተደረገው ምሕረት ለእነርሱ አልተደረገላቸውም። የንጉሠ ነገሥቱ አድናቂ የሆንነው ሁሉ ይህን ስናነብ ገጹን ቶሎ መግለጥ እንወዳለን፤ ነገር ግን የወገራ ሰው ልቡ ከቴዎድሮስ የራቀበትን ምክንያት የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር፣ ከመልሱ አንዱ ክፍል የሚገኘው በደባርቅ ሜዳ ላይ ነው። በዚያው ዓመት አገው ንጉሤም ተይዞ በከባድ ቅጣት ሞተ።

ቤል ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር የሚሉ አሉ። እኔ እስከዚህ ድረስ ለማለት አልደፍርም። ቤል በሕይወት ሳለም የአፄ ቴዎድሮስ ቅጣት ቀላል አልነበረም፤ በየጊዜው የሚነሣው ሽፍታ፣ የቤተ ክህነት ጠብ፣ የሠራዊቱ ቀለብ እጦት በአንድ እንግሊዛዊ ምክር የሚፈታ ጉዳይ አልነበረም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ግልጽ ነው። ከ1853 ዓ.ም. በኋላ የእንግሊዝን መንግሥት ጠባይ ለንጉሠ ነገሥቱ፣ የንጉሠ ነገሥቱንም ጠባይ ለእንግሊዞች በሚገባ የሚተረጕም፣ ሁለቱም የሚያምኑት ሰው በቤተ መንግሥቱ አልነበረም።

በፕላውደን ፈንታ ካፒቴን ካሜሮን ቆንሲል ሆኖ መጣ። በ1855 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ያንን የታወቀውን ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ከሁሉ አስቀድመው ካነሡአቸው ጉዳዮች አንዱ የፕላውደንና የሊቀ መኳሳቸው የዮሐንስ ቤል ነገር ነበር፤ ወዳጆቻቸው እንደ ነበሩ፣ ጠላት እንደ ገደላቸው፣ እርሳቸውም ደማቸውን እንደ መለሱ አስታወቁ። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን የጻፉት ከንግሥቲቱ ጋር የደም ዕዳ ያህል ጽኑ የሆነ ወዳጅነት እንዳላቸው ለማሳየት ነው። በለንደን ግን ደብዳቤው መልስ ሳይሰጠው ቀረ። ቤል ለእንግሊዝ መንግሥት ምኑም አልነበረም፤ ለቴዎድሮስ ግን እንግሊዝ ማለት ቤል ነበር። ከዚህ አለመግባባት ብዙ ነገር ተከተለ፤ በ1856 ዓ.ም. ካሜሮን ታሰረ፣ ሌሎችም ታሰሩ፣ የጀኔራል ናፒየር ጦር በዙላ ወረደ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የሆነው ሆነ። ይህን ሁሉም አንባቢ ያውቀዋልና አልደግመውም።

የቤል ልጆች ግን ኢትዮጵያውያን ሆነው አድገው ነበር። ከሴቶች ልጆቹ አንዷ ሱዛን ገና አባቷ በሕይወት ሳለ ቴዎፊል ዋልድማየር የሚባለውን ወጣት ሚሲዮናዊ አገባች፤ ሌላይቱም ዛልሙለር የሚባለውን ጓደኛውን አገባች። ባሎቻቸው በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ለንጉሠ ነገሥቱ ብረት ይቀጠቅጡ፣ መድፍ ያቀልጡ ከነበሩት ሠራተኞች መካከል ናቸው፤ ያ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍም የተሠራው በጋፋት ነው። እንግዲህ አያት ንጉሡን በገላው ጠበቀ፣ አማቾቹ ደግሞ ንጉሡን የሚጠብቅ መድፍ ሠሩ።

ከመቅደላ በኋላ ሱዛን ከባሏ ጋር፣ ነፃ ከወጡት አውሮፓውያን ጋር ተቀላቅላ፣ ወደ ባሕሩ ወረደች። ኑሯቸው በሊባኖስ ሆነ። ዋልድማየር ከቤይሩት በላይ ባለው ተራራ በብሩማና በ1865 ዓ.ም. ገደማ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ በኋላም በአስፉሪየ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲሠራ ያደረገ እርሱ ነው። በብሩማና በተቋቋመው ትምህርት ቤት ከጎንደር አገር የወጣች፣ አማርኛ የምትናገር፣ አባቷ በደባርቅ የሞተ ሴት ልጆችን ታሳድግ ነበር።